ታሪክን ከመሬት፣ ከገበያና ከከተማ መጀመር፤ መምህራንና የፕላን ባለሙያዎች ሊያነቧቸው የሚገቡ ጥቂት መጻሕፍት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የወረዳ ከተማ የታሪክ መምህር በነበረበት ጊዜ፣ ስለ ዐድዋ ዘመቻ በማስተማር ላይ ሳለ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ ያን ሁሉ ሠራዊት ማን አበላው?» ሲል ጠየቀ። አቅራቢውም «ሕዝቡ ነዋ!» ብሎ መለሰና ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ። መልሱ ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ ትምህርትም አልነበረም። ሕዝቡ ያበላው በምን ሥርዓት ነው? ስንቁ ከየትኛው መሬት፣ በምን ስፍር፣ በማን እጅ በኩል ተሰበሰበ? ከሰጠ በኋላስ ለልጆቹ ምን ቀረው? በክፍል ውስጥ ይሠራበት የነበረው መጽሐፍ የነገሥታቱን ስም፣ የዘመቻውን መንገድና የጦርነቱን ቀን በሚገባ ይዘረዝር ነበር፤ ስለ ስንቁ ግን ከአንድ መስመር የበለጠ አይናገርም ነበር። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትም የሚረዳ ሆኖ አልተገኘም። በቁልፍ በተዘጋው ሣጥን ውስጥ የነበሩት ጥቂት የእንግሊዝኛ ልቦለዶችና ገጻቸው የተገነጠለ የኬሚስትሪ መማሪያዎች ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ ካስከተለው ንባብ የተገኘ ነው። ስለ ኅብረተሰብ፣ ስለ ከተማ፣ ስለ ታሪክና ስለ ኢኮኖሚ የተጻፉትን መጻሕፍት ሁሉ የመዘርዘር ዓላማ የለውም። የሚያተኩረው ማን አመረተ፣ ማን ወሰደ፣ የተወሰደውስ በምን ተለወጠ የሚሉትን ጥያቄዎች ጠንክረው በሚጠይቁ ጥቂት ሥራዎች ላይ ነው። መጻሕፍቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ በአቅራቢው አስተያየት ለመምህሩ ከሁሉ የሚጠቅመውም ይህ አለመስማማታቸው ነው።

በአገራችን ታሪክ የመጻፍ ልማድ ረዥም ዕድሜ ያለው ነው። የዜና መዋዕል ጸሐፊው ግን የተቀመጠው በንጉሡ ድንኳን አጠገብ ስለ ነበረ፣ የጻፈውም ከዚያ ሆኖ የሚታየውን ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍትም በየዘመነ መንግሥቱ የተከፋፈሉ ናቸው። እኒህ መጻሕፍት ትውልድ ያስተማሩ ናቸውና ውለታቸውን መካድ አይገባም። ነገር ግን የገበሬ ልጅ በእንደዚህ ያሉ ገጾች ውስጥ የአያቱን ፈለግ ሲፈልግ፣ የሚያገኘው በጦር ሜዳ ወይም በግብር አዳራሽ ደጅ ብቻ ነው። የተረፈው ሕይወት፣ ማለት ማረሻው፣ ገበያው፣ ዕዳውና ስደቱ፣ ከታሪክ ውጭ የሆነ ይመስለዋል።

ከጉምሩክ በር የታየች አገር

ንባቡን ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መጀመር ይገባል። ምክንያቱም በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ደግሞም በሥራቸው አጋጣሚ አገሪቱን ከቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ከጉምሩክ በር ቆመው የተመለከቱ ሰው ናቸው። በ1878 ዓ.ም. ገደማ በዐድዋ አውራጃ ተወልደው፣ ገና ልጅ ሳሉ ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ሄደው በኦስትሪያና በጀርመን አገር አድገው ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪነትና በድሬዳዋ ነጋድራስነት ሠርተዋል። በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ዕድሜያቸው ከ33 ዓመት ገደማ የማያልፍ ነበር።

ሁለት ሥራዎች ትተውልናል። የመጀመሪያው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለው አጭር ጽሑፍ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ በታተመው «ብርሃን ይሁን» በተባለው መድብል ውስጥ ወጣ። ሁለተኛውና ዋናው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። በመጀመሪያው ሥራቸው ያቀረቧቸው የማሻሻያ ሐሳቦች ዛሬም ሲነበቡ አንባቢን ያስደንቃሉ፤ የሹማምንት ገቢ በደመወዝ እንዲወሰን፣ ግብር የታወቀና በገንዘብ የሚከፈል እንዲሆን፣ በአገሪቱ አንድ ዓይነት ገንዘብ እንዲሠራበት፣ ሕግ ተጽፎ እንዲደነገግ፣ የሃይማኖት ነፃነት እንዲከበር የሚሉ ናቸው። ይህ ሁሉ የተጻፈው የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ከተሾሙ አራት ዓመት ያህል ብቻ ባለፈበት ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል።

በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ጉዳዩ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የአንድ ሕዝብ ሀብት ወርቅና ብር ሳይሆን በዕውቀት የመሥራት ኀይሉ ነው ይላሉ። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ገበያው ለዓይን ትክክል ቢመስልም የኋለኛው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ድካም ይቀበላል። በጅቡቲ መንገድ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወጣ ነበር፤ ጨርቅና ጠመንጃ ይገባ ነበር። ስለዚህም የምድር ባቡሩ ብቻውን አገር አያበለጽግም፤ በአገር ውስጥ የሚሠራ እጅና የተማረ አእምሮ ከሌለ ባቡሩ ጥሬ ሀብቱን ፈጥኖ የሚያወጣ መሣሪያ ይሆናል። የውጭ ንግድ ሚዛን ስለሚባለው ነገር በሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም። የአማርኛ የኢኮኖሚ ቃላት ገና ባልተደላደሉበት ዘመን አንድ ጸሐፊ ሐሳቡን በአገሩ ቋንቋ ለመግለጽ ምን ያህል እንደ ደከመ ማየቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

መጽሐፉ ስለ ጦርነትና ስለ ዘረፋ የሚናገረው ክፍል ከሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወታደር በገበሬ ላይ ተመርቶ በሚኖርበት አገር፣ ገበሬው ከዕለት ጉርሱ የተረፈ ነገር ማፍራትን ይፈራል። የተረፈው ይወሰድበታልና። ይህ የሰነፍ ሕዝብ ጠባይ ሳይሆን የሚያስብ ሰው የሚያደርገው ነው። መምህራን «ገበሬው ለምን አላደገም?» የሚለውን ጥያቄ በተማሪ ፊት ከማንሣታቸው በፊት ይህን ክፍል ደጋግመው ቢያነቡት መልካም ነው።

ሆኖም መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ደራሲው በአውሮፓ ዕውቀት ላይ የነበራቸው እምነት ጽኑ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት ያካበተውን የእርሻ ዕውቀት አንዳንድ ጊዜ ከቁም ነገር አይጥፉትም። በዚህ ረገድ ጄምስ ማካን ስለ ኢትዮጵያ የእርሻ ታሪክ በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጥሩ ማረሚያ ነው። እርሳቸው በአንኮበር፣ በጌራና በአድአ የነበረውን የበሬ እርሻ ተከታትለው፣ ገበሬው እንደ ዝናቡ፣ እንደ ሕዝቡ ብዛትና እንደ ገበያው ሁኔታ ዘሩንና አስተራረሱን ይለዋውጥ እንደ ነበር አሳይተዋል። «ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ እርሻ» የሚለውን የተለመደ ሐረግ ከዚህ በኋላ በማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ አስቸጋሪ ይሆናል።

የሰጪና የተቀባይ መዝገብ

የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም. ታትሞ በ1962 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ወጥቷል። ወፍራም ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ከዳር እስከ ዳር ሊነበብም የተጻፈ አይደለም። የርስት፣ የጉልት፣ የማደሪያና የሰሞን መሬት ልዩነት፣ በየአገሩ የነበረው የግብር ዓይነት፣ የሹመት ማዕረግ፣ የቤተ መንግሥቱ የሥራ ክፍሎችና የግብር አገባብ በውስጡ ተመዝግቧል። መምህሩ አስቀድሞ ስለ ራሱ አውራጃ የተጻፈውን ፈልጎ ቢጀምር ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹን ወደ ሽማግሌዎች ልኮ ቁናው ስንት እንደ ነበር፣ ዳውላው ስንት ቁና ይይዝ እንደ ነበር፣ ማሩ በምን ይለካ እንደ ነበር፣ ሁዳድ የሚታረሰው በሳምንት ስንት ቀን እንደ ነበር ቢያስጠይቅ፣ የታተመው መጽሐፍና የሰው ትዝታ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ጎን ለጎን ሲቆሙም ሁልጊዜ አይገጥሙም። «ዝክረ ነገር» የተጻፈው በመንግሥት ሥራ ውስጥ ባደጉና በሚኒስትርነት ባገለገሉ ሰው ነው። የሚነግረንም ሊገባ የሚገባውን ነው። የገባው ምን ያህል እንደ ነበር፣ በመካከል ያለው ሹም ለራሱ ምን እንደ ጨመረ፣ ሰጪው በልቡ ምን እንዳለ ግን ከደንብ መዝገብ ላይ አይገኝም። አቅራቢው በአንድ ወቅት ተማሪዎቹን እንዲህ ባለ ጥያቄ አሰማርቷቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ የደንቡን ግብር ከዘረዘሩ በኋላ «ይህ እንግዲህ የወረቀቱ ነው» ብለው ቆም አሉና፣ ለጭቃ ሹሙ፣ ለመልከኛው፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚሰጠውን ዶሮ፣ ጌሾና እንጨት መቁጠር ጀመሩ። ተማሪው የጻፈው ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው የረዘመ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅና በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቅለውታል። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ብቻ ሳይሆን ወጣቱ መምህርም ቢሆን ጉልት ምን እንደ ነበር የሚያውቀው በመስማት ብቻ ነው። ስለ አዋጆቹ በጎነትም ሆነ ጉድለት ለመከራከር አስቀድሞ የሻሩት ነገር ምን እንደ ነበር ማወቅ ግድ ነው።

አሞሌ፣ ጠገራ ብርና መንገድ

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከ1800 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ በ1968 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አሳትመዋል። መጽሐፉ ስለ ሕዝብ ብዛት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ንግድ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ባንክና ስለ በሽታ ሳይቀር ከመንገደኞች ማስታወሻና ከቆንስላዎች ሪፖርት የተለቀመ ማስረጃ የተከማቸበት ጎተራ ነው። ጎተራ ያልኩት ለምስጋናም ለነቀፋም ነው። እህሉ ሞልቷል፤ ነገር ግን የተፈጨ አይደለም። ደራሲው ማስረጃውን ደርድረው ፍርዱን ብዙውን ጊዜ ለአንባቢ ይተዉታል። ለመምህር ይህ ጉዳት የለውም፤ ለፕላን ባለሙያ ግን አንድን ቁጥር ከአንድ መንገደኛ አፍ ብቻ አንሥቶ እንዳይሄድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል።

ስለ አሞሌ ጨው የሚናገረው ክፍል ለሒሳብ መምህር ጭምር የሚሆን ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተቆርጦ የሚወጣው ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ከወጣ በኋላ በገንዘብነት ይሠራበት ነበር። ከጨው ማውጫው አጠገብ ባሉት ገበያዎች አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር ብዙ አሞሌ ይገዛል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በተራቀ ቁጥር ብሩ የሚገዛው አሞሌ ያንሳል። በዚህ ልዩነት ውስጥ የመንገዱ ርቀት፣ የኬላው ቀረጥ፣ የነጋዴው ትርፍና የሽፍታው አደጋ ሁሉ ተሰፍረዋል። ተማሪው በካርታ ላይ የገበያዎቹን ስም ጽፎ በእያንዳንዱ አጠገብ የአሞሌውን ዋጋ ቢያስቀምጥ፣ መንገድ ማለት ምን እንደ ሆነ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ይረዳል። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ የተጋፈጠውም ይህንኑ ልማድ ነው፤ ጠገራ ብርን የለመደ ሕዝብ የወረቀት ገንዘብን በቀላሉ አያምንም ነበር።

ፕሮፌሰር ፓንክረስት የኢትዮጵያን ከተሞች ታሪክ ደግሞ በሁለት ቅጽ፣ በ1982 እና በ1985 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በ2009 ዓ.ም. አርፈው በአዲስ አበባ ተቀብረዋል። ማስረጃን ለሌላው የመስጠት ቸርነታቸውን ያላየ የታሪክ ተማሪ በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር።

እንጨቱ ሲያልቅ የሚነሣ ከተማ

የከተማ ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ በአገራችን ከተማ ለረዥም ዘመን የሚተከልና የሚነቀል ነገር እንደ ነበር ነው። ሠራዊቱና ቤተ መንግሥቱ በአንድ ቦታ ሲሰፍሩ በዙሪያው ያለውን ደን ለማገዶና ለቤት ይጨርሳሉ፤ የአካባቢው ገበሬም የቀለብ ሸክም ይከብደዋል። ከዚያም ሰፈሩ ይነሣል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ስትቆረቆር ከእነዚያ ሰፈሮች የተለየ ዕድል ይጠብቃት እንደ ነበር የሚያሳይ ምልክት አልነበረም። እንጦጦ ላይ የሆነው ሁሉ በአዲስ አበባም ሆነ፤ ዛፉ አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ አጤ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ።

ከተማዪቱን በቦታዋ ያቆማት አዋጅ ሳይሆን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም እንደ ገና ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአዲስ አበባ ዙሪያ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፣ የመዛወሩ ሐሳብም ቀረ። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥትነት የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በእርግጥ መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች ቤት መሥራታቸውም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ሆኖም የማገዶ ጥያቄ ባይመለስ ኖሮ የድንጋይ ቤት ብቻውን ከተማን አያቆምም ነበር። ያንኑ እንጨት ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው ለከተማው ያቀረቡት ሴቶች በየትኛው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገኙ መጠየቅ የመምህሩ ፈንታ ነው።

ፒተር ጋሬትሰን በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአዲስ አበባ ታሪክ፣ ከተማዪቱ ከተቆረቆረችበት እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የሚመለከት ሲሆን፣ የሰፈሮችን አመሠራረት በዝርዝር ያሳያል። መኳንንቱ በተመሩት ጉብታ ላይ ቤታቸውን ሠርተው፣ ወታደሮቻቸውና አገልጋዮቻቸው በዙሪያቸው ሰፈሩ። የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈርና ገባር ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። በሰፈሮቹ መካከል የቀረው ገደልና ሸለቆ ቀስ በቀስ በድሀው ተሞላ። ባለጠጋውና ድሀው በአንድ ሰፈር ተደባልቀው የመኖራቸው ምስጢር ከዚህ ይጀምራል። ይህን ሳይረዳ የከተማውን ካርታ ዘርግቶ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር ባለሙያ፣ «ሥርዓት የለውም» የሚለው ነገር የራሱ ሥርዓት እንደ ነበረው አይታየውም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የተሞከረው ሌላ ነው። ወራሪው የአገሬውንና የነጩን መኖሪያ በዘር ለመለየት ባወጣው ፕላን መሠረት የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረ። ገበያው እስከ ዛሬ መርካቶ እየተባለ የሚጠራው ከዚያ የተነሣ ነው። ዘረኛው ፕላን ከወራሪው ጋር ቀረ፣ ገበያው ግን በተዛወረበት ቦታ ሥር ሰደደ። አንድ የፕላን ውሳኔ ካወጣው መንግሥትና ከታሰበለት ዓላማ በኋላም እንደሚኖር ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። የድሬዳዋም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ የምድር ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ወጪ ስለሚያበዛ ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰባት ባዶ ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ከተማ ሆነች፤ የዘመናት የንግድ ማእከል የነበረችው ሐረር ደግሞ ከዋናው መንገድ ውጭ ቀረች።

ከውጭ ከተጻፉት መካከል ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ታላላቅ የአሜሪካ ከተሞች ሞትና ሕይወት የጻፉት መጽሐፍ በፕላን ባለሙያዎች ዘንድ ይታወቃል። መኖሪያው፣ ሱቁና ሥራው የተቀላቀለበት መንገድ ሕያውና ጠባቂ ያለው ነው፤ ሁሉንም ለየብቻ የሚያስቀምጥ ፕላን ግን መንገዱን ይገድለዋል ይላሉ። ሐሳቡ ለእኛም ይረዳል፤ ይሁን እንጂ እርሳቸው የጻፉት የቧንቧ ውኃና የፍሳሽ መስመር ከተሟላላቸው የኒውዮርክ መንገዶች ተነሥተው ነው። ውኃ በእንስራ በሚቀዳበት ሰፈር «እንዳለ ይቆይ» ማለት ሌላ ትርጉም አለው።

እህል እያለ መራብ

ስለ ረኀብ የተጻፉትን ሁለት መጻሕፍት አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሲሆን፣ ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ባሉት 20 ዓመታት የኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ ለረኀብ ስለ ተጋለጠበት ሁኔታ የሚመረምር ነው። መጽሐፉ የወጣው በሰሜን ሌላው ታላቅ ረኀብ በሚፋፋምበት ዓመት መሆኑ መራራ ግጥጥሞሽ ነው። ሁለተኛው የሕንዱ ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ስለ ረኀብ የጻፉት ነው። ሴን በ1943 እ.ኤ.አ. የቤንጋልን ረኀብ በልጅነታቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ ከመጽሐፋቸው ምዕራፎች አንዱም ስለ ወሎ ረኀብ ይናገራል።

ፕሮፌሰር መስፍን ድርቅና ረኀብ አንድ አይደሉም ይላሉ። ገበሬው የሚያመርተው ለራሱ ጉሮሮ ነው፤ ከዚያች ላይ ግብሩ፣ የመሬት ኪራዩና ዕዳው ይነሣሉ። ለክፉ ቀን የሚተርፈው ስለሌለ አንድ ወቅት ዝናብ ሲቀር ይወድቃል። ስለዚህ ረኀቡ የተዘጋጀው ዝናቡ ከመቅረቱ አስቀድሞ ነው። ሌላው ብርቱ ነጥባቸው ስለ ጽሕፈት ቤቶች ነው፤ ከወረዳ የተነሣ የረኀብ ሪፖርት ወደ አውራጃ፣ ከዚያ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያ ወደ ሚኒስቴር ሲንከባለል ወራት ያልፋሉ። ይህን ክፍል በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ሳይከፋው ሊያነበው አይችልም።

አማርትያ ሴን ጥያቄውን ከገበያው በኩል ያነሣሉ። በ1965 ዓ.ም. በአገሪቱ በሞላው የነበረው እህል ከሌላው ጊዜ ብዙ ያነሰ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። ሰው የሞተው እህል በአገር ስለጠፋ ሳይሆን፣ የራሱ ምርት ሲጠፋ ሌላውን የሚገዛበት ስላልነበረው ነው ይላሉ። የአፋር አርብቶ አደር ሁኔታ ይህን ይበልጥ ያስረዳል። ከብቱ በድርቁ ሞተበት፤ የተረፈውን ወደ ገበያ ሲያወጣ አንድ በሬ የሚያመጣለት እህል ከዱሮው አነሰ፤ በአዋሽ ሸለቆ ለድርቅ ጊዜ ይሸሽበት የነበረው ግጦሽም በጥጥ እርሻ ተይዞ ነበር።

ሁለቱ ሊቃውንት በአንድ ነገር ላይ ይለያያሉ። ሴን ገበሬውን ከገበያ ጋር በማያያዝ ሲመለከቱት፣ ፕሮፌሰር መስፍን ገበያው እርሱን ከመጀመሪያው እንደማይቆጥረው ያሳያሉ። በእኔ አስተያየት ስለ ወሎና ስለ ትግራይ ገበሬ የፕሮፌሰር መስፍን ማስረጃ ወደ ጎጆው ይበልጥ ይቀርባል፤ ስለ አርብቶ አደሩና ስለ ከተማው ድሀ ግን የሴን ጥያቄ የሚያበራውን ሌላው አያበራውም። እህል መጫን ብቻውን ረኀብን እንደማያቆም፣ የሚበላውን ሰው የመግዛት አቅም አብሮ ማሰብ እንደሚገባ ለፕላን ባለሙያው በግልጽ የተናገረ እርሱ ነው።

አብዛኞቹ ከዚህ በላይ የተጠቀሱት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ መሆናቸው ቀላል ችግር አይደለም። ስለ ገበሬው የተጻፈውን የገበሬው ልጅ በሚያነበው ቋንቋ ማቅረብ፣ ቢያንስ የተመረጡ ምዕራፎችን እየተረጎሙ ለትምህርት ቤቶች ማደል፣ ከብዙ አዳዲስ መማሪያ መጻሕፍት በፊት ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ወደዚያ ተማሪ ጥያቄ ስንመለስ፣ ዛሬ የሚሰጠው መልስ ከአንድ ቃል የረዘመ ነው። ከጣሊያን ጋር በምጽዋ በኩል የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ በጨረሰበት ክፉ ቀን፣ ከ1880ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ አገሪቱ ለዓመታት ተርባ ነበር። የዐድዋ ዘመቻ የተከተተው ከዚያ ካገገመች ገና ጥቂት ዓመት ሳይሞላት ነው። ሠራዊቱ እንዳይዘርፍ በመንገዱ ላይ የእህል ጎተራ እንዲዘጋጅ ታዝዞ ነበር፤ የተረፈውን ስንቅ ዘማቹ ራሱ፣ ሚስቱና አሽከሩ ተሸክመውታል። በየካቲት 1888 ዓ.ም. አጋማሽ በዐድዋ የሰፈረው ሠራዊት ስንቁ እየተሟጠጠ ሄደ፤ የአካባቢው ገበሬም የሚሰጠው አጣ። ጄኔራል ባራቲየሪ ይህን ያውቅ ስለ ነበር የኢትዮጵያ ሠራዊት በረኀብ ተፈትቶ እስኪመለስ መጠበቅን ወድዶ ነበር። ነገር ግን የራሱም ስንቅ ከጥቂት ቀን የማያልፍ ሆኖ ተገኘ፤ ከሮምም ግፊት በረታበት፤ የጦር አዛዦቹም ማፈግፈግን አልወደዱም። ስለዚህ በየካቲት 22 ሌሊት ከሳውሪያ ተነሥቶ ወደ ዐድዋ ተራሮች ገሠገሠ።